ትራስ ውስጥ የሰፋሁት ፎቶግራፍ

ባለፈው ሳምንት የመጨረሻዋ ልጄ ሰብለ አንዲት ወረቀት ይዛ መጣች። ከአስራ ስምንት ማዞሪያ በታክሲ ወርዳ ጭቃውን እየዘለለች ስለመጣች ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ነው የሰጠችኝ። በታይፕ የተጻፈች ወረቀት ናት፤ ወደ ገዳም የምትገባ ልጅ ይዛ መምጣት የሚገባትን ዕቃ ትዘረዝራለች። ሁለት ቀሚስ፣ አንድ ሹራብ፣ አንድ ጥቁር ጫማ፣ አንድ ብርድ ልብስ፣ አንድ ትራስ። ከግርጌው «ከዚህ በላይ አይያዝ» ይላል።

እኔ ፈሪ እናት ነኝ። ልጆቼ ይህን ስለሚያውቁ ሲስቁብኝ ነው ያደጉት። ሲያነጥሱ ግንባራቸውን እዳብሳለሁ፤ ሲያመሹ ፌርማታ ድረስ ወጥቼ እጠብቃለሁ። ወረቀቷን ሁለት ጊዜ አነበብኩና «ትራሱን እኔ እሰፋዋለሁ» አልኩ።

«እማዬ፣ መርካቶ ተሠርቶ ይሸጣል እኮ» አለች።

«የተገዛ ትራስ ውስጥ ምን እንዳለ በምን ታውቂያለሽ?»

ስቃ ተወችኝ። ሁለት ቀን ተቀምጬ ሰፋሁት። ጥጡን ራሴ ፈለቀቅሁት፤ ጨርቁንም አጥቤ፣ አድርቄ፣ ጠርዙን ሁለት ጊዜ ደርቤ ሰፋሁት። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጨርሼ ስሰጣት አልጋዬ ላይ ተጋድማ ራሷን አሳረፈችበት። ራሷን ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ወደ ግራ አዞረች።

«እማዬ፣ ምን ጨምረሽበት ነው? ይንኮሻኮሻል» አለችኝ።

ይህንኑ ቃል እዚሁ ኮልፌ ውስጥ፣ የአስራ ስድስት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ከሌላ ሰው አፍ ሰምቼው ነበር። ያን ቀን የዋጠኝን ፍርሃት ለልጆቼ አንድም ቀን ነግሬያቸው አላውቅም። አሁን ልጻፈው።

ኮልፌ ያን ጊዜ እንደዛሬው ቤት በቤት ላይ የተደራረበበት ሰፈር አልነበረም። ባሕር ዛፍና የገብስ ማሳ ነበር፤ በክረምት ጭቃው እስከ ጉልበት የሚውጥ። ወደ ቀራንዮ በሚወስደው አፋፍ ላይ፣ ጣሊያኖች ድንጋይ እያስፈለጡ መንገድ ከሚሠሩበት በላይ፣ ቆርቆሮ የለበሰ ረጅም የጭቃ ቤት ነበረ። የካቶሊክ ደናግል ቤት ነው። አራት መነኮሳት ይኖሩበታል። አለቃቸውን ማሜር እንላቸዋለን፤ የትግራይ ሰው ናቸው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ። ኩሽናው የእህት አጋታ ነው፤ እሳቸው ጉራጌ አገር የተወለዱ፣ ወፍራም፣ አፋቸው የማያርፍ። የቀሩት ሁለቱ በጣም ያረጁ ስለነበሩ ከጸሎት ቤትና ከፀሐይ ሌላ የሚፈልጉት አልነበረም።

እኔ ወደዚያ ቤት የገባሁት ከየካቲቱ ፍጅት በኋላ ነው። ቤታችን ከሰፈሩ ጋር ተቃጠለ። እናትና አባታችን አስቀድመው ሞተዋል። አባቴ አናጢ ነበር፤ የዚያን የደናግል ቤት በሮች የሠራው እሱ ነው፤ ካቶሊክ የሆነውም እነሱን ሲሠራ ነው። ወንድሜ ጌታነህ ጫካ ሊገባ ሲቆርጥ እኔን የሚያስቀምጥበት ሌላ ቦታ ስላልነበረው ወደ አባቴ በሮች ይዞኝ መጣ።

ከመድረሳችን በፊት ባሕር ዛፉ ውስጥ አቆመኝና ከደረቱ አንድ ፎቶግራፍ አወጣ። መዳፍ የምታህል ናት። ከጦርነቱ በፊት አራዳ ያለ አንድ አርመን ያነሳት ናት፤ ጌታነህ በመካከል፣ ሁለት ጓደኞቹ በግራና በቀኝ፣ ሦስቱም የወታደር ልብስ ለብሰው፣ ጠመንጃቸውን መሬት አስደግፈው። ሦስቱንም ጣሊያን እንደሚፈልጋቸው አውቅ ነበር።

«አቃጥላታለሁ ብዬ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ» አለኝ። «እኔ ዘንድ ብትገኝ ሦስታችንንም ታስጨርሳለች። አንቺ ደብቂያት። ካልተመለስኩ መልኬን እንዳትረሺው።»

ሞኝነቱ ዛሬ ይገባኛል። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር። ሞቱን ሳይሆን መረሳቱን ነው የፈራው።

ማሜር በሩ ላይ ቆመው ተቀበሉን። «እኛ የምንቀበለው ሰውን ብቻ ነው። ዕቃ ካላት መልሰህ ውሰድላት፤ እዚህ ቤት ማንም የራሱ የሚለው ነገር የለውም» አሉት።

«ምንም የላትም ማሜር፤ ሁሉም ተቃጥሏል» አለ።

ማሜር ወደ እኔ ተመለከቱ። ፎቶግራፏ በጡቶቼ መካከል ነበረች። ዝም አልኩ። በኋላ የመጣውን ሁሉ ያመጣችው ያቺ ዝምታ ናት።

መነኩሴ ለመሆን ፈልጌ ነበር ወይ? ልዋሽ አልፈልግም። መጀመሪያ የፈለግሁት ጣራ ብቻ ነበር። እየቆየ ግን ወደድኩት። ፊደል ያስቆጠሩኝ ማሜር ናቸው፤ ይህን የምጽፈው እሳቸው ባስያዙኝ እጅ ነው። የሚዘመረውን መዝሙር፣ የታጠበውን ወለል፣ ማለዳ የምትደወለውን ትንሿን ደወል ወደድኩ። በጥቅምት ነጭ ሻሽ ልቀበልና እጩነቴ ሊጸና ተወስኖልኝ ነበር።

የድህነት መሐላቸው በወሬ የሰማሁት ዓይነት አልነበረም። ድህነትማ እኔም ቤት ነበር። የእነሱ ግን ሥራ ነው፤ በየቀኑ እንደ ወለሉ የሚታጠብ። የሚበላው ቅቤ ያልነካው ሽሮና የገብስ ቂጣ ነው። ለአንዷ ሰው ሁለት ቀሚስ አለ፤ አንዱ ሲለበስ አንዱ ይታጠባል። መርፌ ስትፈልጊ ከማሜር ታስፈቅጃለሽ፤ ስትጨርሺ ትመልሻለሽ፤ ከተሰበረ ስብርባሪውን ታሳያለሽ። ሲኒ የሰበረች እህት እራት ላይ ስብርባሪውን በሁለት እጇ ይዛ መብል ቤቱ በር ላይ ተንበርክካ ጥፋቷን ትናገራለች፤ ማሜር «ተነሺ» እስኪሏት ድረስ። ያለ ፈቃድ የተሰጠ፣ ያለ ፈቃድ የተቀበሉት፣ የባከነ፣ የተቃጠለ፣ ሁሉም እዚያ በር ላይ ይነገራል። ወደ ሌላዋ እህት ክፍልም መግባት ክልክል ነው።

የምንተዳደረው ለመንገድ ሠራተኞቹ ሰፈር ካልሲ በመጠገን ነበር። ጣሊያኖቹ የተቀደደ ካልሲ በጆንያ ያመጣሉ፤ እኛ እንደፍናለን፤ እነሱ የፉርኖ ዱቄትና ጨው ይሰጣሉ። በቡናማ ክር ተረከዝ እየደፈንኩ «ይህ እግር ወንድሜን ሊፈልግ ይሄድ ይሆን?» እል ነበር። ከቤቱ ወዲያ ያለው መንገድ የእነሱ ነው። ከግቢው ያለ ይለፍ ወረቀት መውጣት አይቻልም፤ ብወጣስ ወዴት? ሰማዩ ክረምቱን ሙሉ ቆርቆሮው ላይ ተኝቶ ከረመ።

ፎቶግራፏን የሰፋኋት በገባሁ በሳምንቱ ነው። «ትራስሽን ራስሽ ሙዪ» ተባልኩና ጭድና መርፌ ተሰጠኝ። በጭዱ መካከል አስገባኋት፤ ጠርዙን በዚያው በቡናማ ክር ዘጋሁት። ሌሊት ጆሮዬን ስደገፍበት በቀስታ ትንኮሻኮሽ ነበር። ለእኔ ወንድሜ የሚተነፍስ ይመስለኝ ነበር። እንዲህ አድርጌ መጋቢትን፣ ሚያዝያን፣ ክረምቱንም ሙሉ ተኛሁ።

ያልነገሩኝ አንድ ልማድ ነበራቸው። ክፋት ኖሯቸው አይደለም፤ ለዓመታት ሲያደርጉት ስለኖሩ ሊነገር የሚገባ ነገር አልመሰላቸውም። ጳጉሜን አምስት ቀን፣ ከቁርስ በኋላ፣ ማሜር ደወሏን ደወሉና «ዕቃ አውጡ» አሉ። እያንዳንዷ እህት ከክፍሏ ያለውን ሁሉ እያመጣች መብል ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ደረደረች። መቁጠሪያ፣ የጸሎት መጽሐፍ፣ ጋቢ፣ ኩባያ፣ ትራስ።

«ምን ሊደረግ ነው?» አልኳቸው እህት አጋታን።

«ዕጣ ሊወጣ ነዋ። ዓመት ሙሉ አብሮሽ የከረመ ነገር አንቺን ይለምድሻል፤ አንቺም ትለምጂዋለሽ፤ ከዚያ 'የኔ' ማለት ይመጣል። ስለዚህ ሳይመጣ እናፈናቅለዋለን» አሉና ሳቁ። «ባለፈው ዓመት የደረሰኝ ጋቢ ብርድን ከውጭ እየጠራ የሚያስገባ ነበር። ዘንድሮ ደህና ይድረሰኝ ብለሽ ጸልዪልኝ።»

«ትራስም?» አልኩ።

«ትራስም ነዋ! ትራስ ምን ስለሆነ ይቀራል?»

ትራሴን አምጥቼ አኖርኩት። ምን ላድርግ? «አላወጣም» ማለት መናገር ነው። ማሜር የቅዱሳን ስም የተጻፈባቸውን ብጣሽ ወረቀቶች በሳህን አዙረው አወጣን። ለእኔ የማሜር ትራስ ደረሰኝ፤ እንደ ድንጋይ የጠጠረ። የእኔን እህት አጋታ አነሱትና ብብታቸው ስር ሻጥ አድርገው እየዘመሩ ሄዱ።

በማግስቱ አዲስ ዓመት ነበር። ኩሽና ገብቼ ሽንኩርት ስከትፍ እህት አጋታ አንገታቸውን እያሹ መጡ።

«የደረሰኝ ትራስ ሌሊቱን ሙሉ ሲያወራኝ አደረ። ይንኮሻኮሻል። ውስጡ አይጥ ወልዳ እንዳይሆን።»

ቢላው ጣቴን ሳተ እንጂ ቆርጦት ነበር። «ጭዱን ልቀይርልዎ?» አልኩ።

«ማሜርን አስፈቅጂ። ደግሞ አንቺ ልጅ፣ ሽንኩርቱን ትከትፊዋለሽ ወይስ ትመክሪዋለሽ?»

ማሜር ዘንድ ሄጄ አስፈቀድኩ። መጽሐፋቸውን አጠፉና ተመለከቱኝ።

«ያ ትራስ ያንቺ የነበረው አይደለም?»

«ነው፣ ማሜር።»

«ናፈቀሽ?»

«አዎ» አልኩ። ውሸት አልነበረም።

ፈገግ አሉ፤ በክፋት አይደለም። «አየሽ፣ ልጄ፣ ትልቁን ነገር መተው ይህን ያህል አይከብድም። ቤት፣ መሬት፣ ትዳር፣ ሁላችንም ትተን ነው የመጣነው። የሚያስቸግረው ትራስ ነው። አልፈቅድም። ይንኮሻኮሽ። እንቅልፍ ያጣ ሰው ይጸልያል።»

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀኖች እንዴት ላስረዳ? ግቢው ጠበበኝ። ብናገር ዋሽታ የገባች፣ በሞት የሚያስቀጣ ነገር በደናግል ቤት የሸሸገች ልጅ ሆኜ እባረራለሁ፤ በሩ ውጭ ያለው ደግሞ ያ መንገድ ነው። ባልናገር እህት አጋታ ከአንገታቸው በታች ሦስት የሚፈለጉ ሰዎች ይዘው ይተኛሉ፤ ምንም አያውቁም። ቤቱ ቢፈተሽ «ትራሱ የማን ነው?» ሲባል የሚያዙት እሳቸው ናቸው። መስከረም ገብቶ ሜዳው በአደይ አበባ ቢጫ ሲሆን እኔ ዓይኔ ከእህት አጋታ ክፍል በር ላይ አልነሳም አለ። አንድ ቀን ሁሉም ጸሎት ቤት ሳሉ አሞኛል ብዬ ቀረሁና በሩ ላይ ደረስኩ። አባቴ የሠራው በር ነው። መዝጊያውን ያዝኩ። ገፋሁ፤ ማጠፊያው እሪ አለ። ልክ አባቴ ከውስጥ «ወዴት ነው?» ያለኝ መሰለኝ። ዞር ስል እህት አጋታ ከኋላዬ ቆመዋል፤ ወጡ እንዳያርርባቸው ሊያዩ ወጥተው ኖሯል።

«ምን ጠፋብሽ?»

«ምንም።»

«ምንም የጠፋበት ሰው እንዲህ አይገረጣም» አሉ። ፊቴን ትንሽ አይተው ወደ ኩሽናቸው አለፉ። ዓይናቸው ውስጥ ሳቅ እንዳልነበረ ልብ ያልኩት በኋላ ነው።

ያን ምሽት እራት ላይ እህት አጋታ በሩ ላይ ተንበረከኩ። እጃቸው ባዶ ነበር። «ያለ ፈቃድ፣ የእኔ ያልሆነ ነገር አቃጥያለሁ» አሉ።

«ቤቱን የሚጠቅም ነገር ነበር?» አሉ ማሜር።

«ቤቱን አይጠቅምም። አንድ ሰው ግን ይወደው ነበር።»

ማሜር ሌላ አልጠየቁም፤ ጥፋት ይነገራል እንጂ አይመረመርም። «ሦስት አቡነ ዘበሰማያት ድገሚ፤ ተነሺ» አሏቸው። እኔ ከሁለት ቀን በፊት የጠፋውን ማማሰያ ነው ብዬ አሰብኩ። የራሴ ጭንቀት ጆሮዬን ደፍኖት ነበር።

ከመስቀል በኋላ በሳምንቱ፣ ወደ ቀራንዮ የሚሄደው የስልክ ሽቦ ተቆርጦ ተገኘ። በማግስቱ ማለዳ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያለ ቤት ሁሉ ይፈተሽ ተባለ። ወደ እኛ የመጡት አምስት ናቸው፤ አንድ ጣሊያን አለቃ፣ ሦስት ወታደሮችና አንድ አስተርጓሚ። አለቃው ጫማውን ከጭቃው ሲያላቅቅ ካልሲው ታየኝ። ቁርጭምጭሚቱ ላይ የደፈንኩትን ቡናማ ክር አወቅሁት።

«ያለውን ሁሉ ግቢ አውጡ ተብሏል። ቶሎ!» አለ አስተርጓሚው።

እንደ ጳጉሜን ቀን ሁሉን አወጣን። አምስት ሰው የሚኖርበት ቤት ንብረት ሣሩ ላይ ሲከመር አንዲት አህያ የምትጭነውን አያህልም። አስተርጓሚው አየውና «ይኼ ብቻ ነው?» አለ። «ሌላውን የት ደበቃችሁት?»

«ሌላ የለንም» አሉ ማሜር።

አልመነም። ለአለቃው በጣሊያንኛ አንድ ነገር አለው፤ አለቃውም ወደ ትራሶቹ ጠቆመ። አንዱ ወታደር ሳንጃውን መዘዘ። የመጀመሪያው ትራስ ተቀደደ፤ ጭድ ፈሰሰ። ሁለተኛው፣ ጭድ። ሦስተኛውን በእግሩ ሲገለብጠው ጠርዙ ላይ ቡናማ ስፌቴ ታየኝ። እህት አጋታ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ከጎኔ ቆመዋል፤ ዱቄት የነካ እጅ። ያ እጅ በገመድ ሲታሰር በዓይኔ መጣ።

«እሱን ተዉት! የኔ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

አስተርጓሚው ወደ እኔ መጣ። «ያንቺ ነው? ምን አለበት ውስጡ?»

አለቃው ራሱ መጥቶ ትራሱን አነሳ፤ ሳንጃውን ከወታደሩ ተቀብሎ ከላይ እስከ ታች ተረተረው። ጭዱን ሣሩ ላይ ዘረገፈው፣ ተንበርክኮ በእጁ በተነው፣ ጨርቁን ገልብጦ አራገፈው። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ስገልጥ ጭድ ብቻ አየሁ። ጭድ፣ ሌላ ምንም።

የፈራሁት ነገር አለመኖሩ የባሰ አስደነገጠኝ። አስተርጓሚውም እንዲያው አልተወኝም። ክንዴን ያዘና «ምንም ከሌለበት ለምን ጮህሽ? ምን ነበረበት? ማን ወሰደው?» አለ።

እህት አጋታ ሣቅ ብለው ወደ ፊት ወጡ። «አይ ጌታው፣ ይቺን ልጅ ምን ይጠይቋታል? ዕጣ ወጥቶ ትራሷ ለእኔ ከደረሰኝ ወዲህ ሰው እንደሞተባት ስታለቅስ ነው የከረመችው። በሬን ስትጠብቅ ሁለት ጊዜ ይዣታለሁ! ለትራስ! እኔም ወፍራም አንገቴን አሳርፌበት አበላሸሁባት።»

አስተርጓሚው ወደ ማሜር ዞረ። «እውነት ነው?»

ማሜር በሕይወታቸው ሲዋሹ ሰምቻቸው አላውቅም። «እውነት ነው» አሉ። «እኔም ዘንድ መጥታ መልሱልኝ ለማለት ቃጥቷት ነበር። የኔ አይባልም ብዬ ከለከልኳት። ይኸው በሰው ፊት 'የኔ' አለች።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ በዚያው ከፍ በማይል ድምፅ፣ «ተንበርከኪ። ያንን ጭድ እፍኝ እፍኝ አድርገሽ ሰብስቢ፤ ጥፋትሽን ተናገሪ» አሉኝ።

ተንበረከክሁ። በአለቃው ጫማ ስር ያለውን ጭድ ሳይቀር ለቀምኩ። «የእኔ ያልሆነውን የእኔ ብያለሁ» አልኩ፤ እንባዬ ጭዱ ላይ እየወረደ። አስተርጓሚው ነገሩን ለአለቃው ሲተረጉምለት አለቃው መጀመሪያ አልገባውም፤ ሲገባው ሳቀ። ወታደሮቹም ሳቁ። አንዱ ባዶውን የትራስ ጨርቅ አንስቶ ራሴ ላይ ጣለብኝ። እየሳቁ ወጡ። በሩ ሲዘጋ ጨርቁ ራሴ ላይ እንዳለ ነበር።

ኩሽና ስገባ እህት አጋታ ምድጃው ላይ ጎንበስ ብለዋል።

«የት ነው?» አልኳቸው።

ሳይዞሩ ወደ እሳቱ ጠቆሙ። «ከአዲስ ዓመት በኋላ በአምስተኛው ቀን የስፌቱን አንድ ጥግ ፈታሁ። አይጥ ናት ብዬ! አንገቴ ስር ሦስት ጎረምሳ አስተኝተሽ ኖሯል።»

«አቃጠሉት?»

«ሁለት ቀን ቀሚሴ ውስጥ ይዤው ዋልኩ። ልመልስልሽ አሰብኩ፤ ደግሞ ትሰፊዋለሽ። እኔም ራሴ እያወጣሁ ማየት ጀመርኩ። ቅንድቡ ያንቺ ነው። በሬ ላይ ያገኘሁሽ ቀን፣ ነገሩ ፊትሽ ላይ ተጽፎ አየሁና ሽሮው ስር ጨመርኩት።»

«የወንድሜ መልክ ነው! ሌላ የለኝም!» አልኩ። የዚያን ጊዜ ያልኩትን ሌላ ነገር አልጽፈውም። ለመነኩሴ የሚባል አልነበረም። እህት አጋታ ሁሉንም ሰሙኝ።

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርሽ ትሰጪኝ ነበር?» አሉ።

ለማሜር ራሴ ነገርኳቸው። ሰምተው ነጭ ሻሹን በአንድ ዓመት አራዘሙብኝ። «ለፎቶግራፉ አይደለም» አሉ። «እኅት ወንድሟን ብትወድ ምን ይደንቃል? በሩ ላይ 'ምንም የላትም' ሲባል ዝም ላልሽው ነው። እኛን ልትነግሪን የማትችዪ መስሎሽ ስድስት ወር ብቻሽን ተሸከምሽው። ይህ ነው ድህነት ያልሆነው።» ያን ጊዜ ጭካኔ መሰለኝ። ዓመቱም ደረሰ፤ እኔ ግን ልቀበል አልቻልኩም፤ ልውጣም አልቻልኩም። ጣሊያን እስኪወጣ ድረስ ያ ግቢ ውስጥ ካልሲ ስደፍን ኖርኩ፤ መነኩሴም ሳልሆን፣ የዓለም ሰውም ሳልሆን።

አርበኞቹ ጎፈሬያቸውን አጎፍረው በመንገዱ ሲገቡ አፋፉ ላይ ቆሜ የእያንዳንዱን ፊት አየሁ። ከፎቶግራፉ ሦስት ሰዎች አንዱ መጣ። እሱ ነው ጌታነህ እንደወደቀና የት እንደተቀበረ የነገረኝ። በዚያው ዓመት ከቤቱ ወጣሁ። ማሜር በሩ ድረስ ሸኙኝና ይዤው የነበረውን መርፌ «ይሁንልሽ» አሉኝ። አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ከኮልፌ ግን አልወጣሁም።

እህት አጋታን እስኪሞቱ ድረስ እየሄድኩ እጠይቃቸው ነበር። ቂም ይዤ ጀመርኩት፤ በኋላ የምሄደው ለሌላ ነገር ሆነ። የወንድሜን መልክ የሚያውቅ ሌላ ሰው አልነበረኝምና። «እስቲ ይንገሩኝ» እላቸዋለሁ። ዓይናቸውን ጨፍነው ይነግሩኛል፤ ቆቡ ወደ ግራ እንዳዘነበለ፣ ሁለተኛው ቁልፉ እንደተበጠሰ፣ ሊስቅ ሲል እንደያዘው። ቁልፉን እኔ አላስታውስም ነበር። ትራስ ውስጥ ሰፍቼ አንድም ቀን ሳላየው ከኖርኩት ከእኔ ይልቅ፣ ሁለት ቀን ብቻ ያዩት እሳቸው አውቀውታል። የእኔ ብቻ ሆኖ ቢቀር ያቺ ቁልፍ ትጠፋ ነበር።

ሐሙስ ዕለት ሰብለ «ይንኮሻኮሻል» ስትለኝ ይህ ሁሉ ነው የመጣብኝ። ሽማግሌ ሴት ሆኜም አልተማርኩም። መቀሴን አነሳሁና ስፌቱን ፊቷ ፈታሁት። ከጥጡ መካከል ባለፈው ዓመት ለመታወቂያ የተነሳሁትን ጉርድ ፎቶግራፍ አወጣሁ፤ እንዳይታጠፍ በላስቲክ ጠቅልዬው ነበር።

«እማዬ!» አለች ሰብለ። ልትስቅ ፈልጋ ፊቴን ስታይ ተወችው። «ያስቀሩብኛል እኮ። ደግሞ እዚያ ዕቃ ይለዋወጣሉ አሉ።»

«አውቃለሁ። ነይ፣ እዚህ መስኮቱ ጋ ተቀመጪ።»

ብርሃኑ ላይ ፊት ለፊቷ ተቀመጥሁ። «እዪኝ» አልኳት።

«ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ አይቼሽ የለ?»

«እንደገና እዪኝ።»

አየችኝ። መጀመሪያ እየሳቀች፣ በኋላ ቀስ ብላ። እጇን ዘርግታ ከግራ ቅንድቤ በላይ ያለችውን ጠባሳ ነካቻት። «ይቺን አላውቃትም ነበር» አለች። ከየት እንዳመጣኋት ነገርኳት፤ ሌላ ታሪክ ነው።

ስትሄድ የሚገጥማትን አላውቅም። ይከፋት ይሆን፣ ትታመም ይሆን፣ አንድ ነገር ሸሽጋ ለማን እንደምትነግር ይጠፋት ይሆን፣ ይህን ሁሉ እያወጣሁ እያወረድኩ ነው የማድረው፤ ፈሪነቴ አብሮኝ ነው የሚቀበር። ትራሱን ግን ዛሬ ጨረስኩት። ፎቶግራፏ በነበረችበት ቦታ ሁለት እፍኝ ጥጥ ጨመርኩና ሰፋሁት። ዓመቱ ሲዞር ለየትኛዋ የሰው ልጅ እንደሚደርስ አላውቅም። ማንም ትሁን፣ ጆሮዋ ስር ምንም አይንኮሻኮሽባትም።